የባለጀልባው ሙሾ

ባሌን በቀበርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የፋሲካ ሰሞን፣ ከገበያ በባጃጅ ስመለስ በሬሳው ላይ ያልሁትን ሙሾ በከበሮና በኦርጋን ሲዘፈን ሰማሁት። መጀመሪያ ከራሴ የመጣ መስሎኝ ነበር። ያ ሙሾ ዕቃ ሳጥብም ደጅ ስጠርግም ብቅ ይልብኛል፤ አሁንም እንደ ልማዱ መጣ አልሁ። ኋላ ግን ባለባጃጁ መሪውን በጣቱ እየመታ አብሮ አዜመው፦

አገሩን በሙሉ ሲያሻግር የኖረ፣
እኔን ወደብ ጥሎ ብቻውን ተሻገረ።

«ይህን የሚለው ማን ነው?» አልሁት።

«አልሰሙትም እንዴ እማማ? የዘንድሮ ሠርግ ሁሉ በእሱ ነው እኮ!» ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገልኝ።

«አውርደኝ።»

«ገና ነን፣ ቤትዎ ወደ ታች አይደል?»

«አውርደኝ አልሁህ።»

የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድሁ። የገዛሁት ሽንኩርት ድንጋይ ሆነብኝ። ቤቴ ከሐይቁ አጠገብ ነው፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ውኃው በዛፎቹ መካከል ይታያል። ያን ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ባሌ ባለጀልባ ነበር። ካህናቱን ከነእህላቸው ወደ ደሴቶቹ፣ የዘጌን ሰው ከነቡናው ወደ ከተማ፣ በንግሥ ጊዜ ደግሞ ምእመኑን እስከ ጎርጎራ ድረስ ሲያመላልስ ነው የኖረ። ዋና አይችልም ነበር። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢታወቅ ማን ይሳፈርለት ኖሯል? የሞተ ዕለት ጠዋት፣ እምቦጭ ጀልባውን ከቦት ስላደረ ሊያጸዳ ወረደ። ሲመለስ የላስቲክ ጫማውን፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ፣ ከደጃፉ ግድግዳ አስደግፎ አቆመና «ደረቴን ያዘኝ» ብሎ ጋደም አለ። ሻይ ልጥድለት ዞር አልሁ። ስመለስ ጠራሁት፤ ዝም አለኝ። ጎረቤት ልጠራ ስወጣ ጫማው ገና ያንጠባጥብ ነበር።

እኔ አልቃሽ አይደለሁም። በሰው ልቅሶ ሄጄ ደረቴን እመታለሁ፣ ሌላው ያለውን እቀበላለሁ እንጂ ግጥም አውጥቼ አላውቅም። ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ያን ቀን ግን ሬሳው ከቤት ሲወጣ ጫማውን አየሁትና አፌ ራሱ ተናገረ። ከላይ የጻፍሁትን አልሁ፤ ቀጥሎም እንዲህ፦

ጫማው ከደጃፌ ውኃውን አንጠፍጥፎ፣
እሱ የት ደረሰ በባዶ እግሩ አልፎ።

ሌላም ብዙ ተብሏል። እኔ የማስታውሰው ይህን ነው።

መራዊ ያሉ ዘመዶቹ ለቀብሩ አልደረሱም ነበርና ከዘመድ አንዱ ልቅሶውን በስልክ ቀድቶ ላከላቸው። እነሱም ለሌላ ላኩት፤ ያም ለሌላ። የኋላ ኋላ እጁ ያልገባ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አንድ ቀን አልሰማሁትም። አንዴ ብዬዋለሁ፣ ይበቃኛል እል ነበር።

ዘፈኑን ባጃጁ ላይ በሰማሁ በሳምንቱ የልጄ ልጅ ከአዲስ አበባ በስልክ ቪዲዮ ደወለችልኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «አያቴ፣ እይኝ!» አለችና ስልኩን አቁማ ጨፈረችልኝ። በዚያው ዘፈን ነው። ትከሻዋ ደግሞ ጥሩ ነው፤ እንደ አያቷ። አጨበጨብሁላት። ምን ላድርግ? ከዚያ የዘፈኑን ክሊፕ አሳየችኝ። አንድ ጎረምሳ ከሰው ሚስት ቤት ጫማውን ከደጃፍ ትቶ፣ በባዶ እግሩ አጥር ዘሎ ይሸሻል። ሴትዮዋ ጫማውን አንጠልጥላ ትስቃለች። ልጅቱም ሳቀች። የአያቷ ጫማ መሆኑን አልነገርኋትም።

እናቷ ስልኩን ስትቀበላት ነገሩን ነገርኋት። ልጄም «እማዬ፣ ተይው በቃ። ዘፋኝ ከሰሽ ምን ልታተርፊ? ሰው ይረሳዋል» አለችኝ።

«እኔስ?»

«አንቺስ ምን?»

«እኔስ እረሳዋለሁ?»

መሥሪያ ቤት ስብሰባ አለብኝ ብላ ዘጋችው። እውነቷን ነው፣ ሁልጊዜ ስብሰባ አለባት።

ዘፋኙ ቀን ቀን የሚለማመድበትን ቤት የማያውቅ የለም። ነጠላዬን ለብሼ ሄድሁ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ ያደረ ቢራ ይሸታል። ዘፋኙ ቀጭን ልጅ ነው፤ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ። አስተዳደጉስ ደኅና ነው።

«ይግቡ እማማ! ማንን ፈልገው ነው?»

«አንተን።»

«እኔን? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ምን ይምጣልዎት?»

«የወሰድኸው ይምጣልኝ።»

ከበሮ መቺው ሳቀ። «በል፣ ባለዕዳ መጣብህ!» አለው።

«ምን ወሰድኩ እማማ?»

«ሙሾዬን።»

ነገርሁት። ባሌን፣ ጀልባውን፣ ጫማውን ነገርሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ግን «እሱ እኮ የሕዝብ ነው እማማ። የአገር ሙሾ ነው፤ ባለቤት የለውም» አለኝ።

«ባሌን ያገባው ሕዝብ ነው? ጫማውን ከደጃፍ ያነሣው ሕዝብ ነው?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም...»

«እንዴት ማለትህ ነው?»

«ጎንደር ስንሄድ ሹፌሩ ከስልኩ ከፈተልን። ይፋግ እስክንደርስ እያስደገምኩ ነው የሄድኩት። እግዜር ያሳይዎት፣ አልቅሻለሁ።»

«ካለቀስህ ለምን አስጨፈርህበት?»

«ስለሚያምር ነዋ» አለ።

አልዋሸኝም። የባሰ ያናደደኝ እሱ ነው፤ ውሸታም ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ገቢ ሲኖር እርስዎንም እናስብዎታለን» ሲለኝ ተነሣሁ።

«እንድታስበኝ አልመጣሁም። አቁም።»

«እሱማ አይሆንም። እንጀራዬ ነው።»

«እንግዲያው በሕግ እንተያያለን።»

በሩ ጋ ስደርስ ከበሮ መቺው «ተጠንቀቅ፣ እማማ ሕግ መጡብህ!» ሲል ሰማሁት። ዞሬ አየሁት። የከበሮ መምቻውን አስቀመጠ።

ጠበቃ የመቅጠር አቅም ለሌለው ሰው በነጻ የሚያማክሩበት ቢሮ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ጠይቄ አገኘሁት። የተቀበለችኝ ጠበቃ ከልጄ የምታንስ ሴት ናት። ታሪኬን ከጨረስሁ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዬን ጠየቅኋት፦ «አላስመዘገብሁም። አላስመዘገብሽም ብለው ያባርሩኛል?»

«አያባርሩዎትም። ይህ የቅጂ መብት ይባላል፤ መዝገብ አይጠይቅም። ግጥሙን ያወጣው ሰው ባለቤቱ ነው።»

«በስልክ የቀዳው ዘመዳችንስ?»

«እሱ ድምፅ ቀዳ እንጂ ቃል አላወጣም።»

«የሕዝብ ነው የሚለውስ?»

«የሕዝብ የሚባለው ከማን እንደመጣ የማይታወቀው፣ ከትውልድ ትውልድ የወረደው ነው። የእርስዎ ግን ቀኑም ሰውየውም ይታወቃል። ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ? ፍርድ ቤቱ ዘፈኑን ሊያስቆም ይችላል። ካሳ ሊያስከፍልልዎ ይችላል። የግጥሙ ባለቤት እሳቸው ናቸው ተብሎ ስምዎ እንዲጠራም ሊያደርግ ይችላል።»

«ስሜ በጭፈራ ላይ ይጠራልኝ? በምን ኀጢአቴ!»

ሳቀች። «እሺ፣ የትኛው ይሁን?»

«ያቁም። ባሌ ከሰው ቤት አጥር ዘሎ አያውቅም።»

ጻፈች። ሥራን የባለቤቱን ክብር በሚነካ መንገድ ማበላሸትም በሕግ የተከለከለ ነው፣ እሱንም እንጨምራለን አለችኝ። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ «ግጥሙን ያወጡት ብቻዎን ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ብቻዬን» አልኋት።

ቅንጣት አልተጠራጠርሁም። መጠራጠርም አልፈልግም ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ የእኔ ብቻ ነው የምለው ምን ነበረኝ? ጀልባውን ሌላ ሰው ገዝቶ ቀለሙን ለውጦታል። ልብሱ ለቆሎ ተማሪዎች ሄዷል። ልጆቹ የራሳቸው ኑሮ አላቸው። ሙሾው ግን ከእኔ ከአፌ ወጥቶ ለእሱ የሄደ ነው። በመካከላችን ሌላ ሰው የለም።

ጠበቃዬ የልቅሶውን ቅጂ ከዘመዳችን ተቀብላ ላሰማዎት ብትለኝ አልሰማም አልኋት፤ ምስክርም አምጪ ተባልሁ። ሬሳው ሲወጣ አጠገቤ የነበሩት የእድራችን ሴቶች ናቸው። ከሁሉ የምትቀርበኝ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። እሷን ባሌ ከዘጌ፣ ማዕበል በተነሣ ቀን፣ ምጥ እንደያዛት ነው ያሻገራት፤ ልጇ ጀልባው ወደቡን ሳይነካ ሊወለድ ምንም አልቀረው። ወደ እሷ ሄጄ እንዲህና እንዲህ ሆኗል ስላት ወገቧን ያዘች። «ምን አልሽ? በባለጀልባው ሙሾ? እንመሰክራለን እንጂ! ማን ቀርቶ ማን ይቀራል!» ሌሎቹንም ራሷ አዳረሰቻቸው።

በቀጠሮው ቀን ሦስት ሆነው መጡ፤ ጎረቤቴ፣ የእድራችን ዳኛና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የምትኖረው ሴትዮ። ሁሉም ለበዓል የሚለብሱትን ለብሰዋል። ጎረቤቴ መጀመሪያ ገባች፣ ማለች።

ዳኛው «የባለጀልባውን ሙሾ ማን እንዳወጣው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቋት።

«እንዴታ! እዚያው ነበርሁ እኮ።»

«ማን ነው?»

«ሁላችንም ነና፣ ጌታዬ!»

ጠበቃዬ ብድግ አለች። «ጥያቄው ማን አለቀሰ አይደለም። ቃሉን ያወጣችው ማን ናት?»

«ልጄ፣ ልቅሶ እንደ ሸማ በክንድ ይለካል እንዴ? አብረን አለቀስን። ባለጀልባው የእኛም ነበር። ታዲያ እኔ ደረቅ ዓይኔን ይዤ ቆሜ አየሁ ልበልሽ?»

«እንደሱ አላልኩም...»

«ደረቴ ቆስሎ ቅቤ ስቀባ ነው የከረምሁት። እሱም ይጻፍልኝ!»

የእድራችን ዳኛ ተከተለች። እሷም «እኔም አልቅሻለሁ፤ በባለጀልባው ልቅሶ ማንም አልቀደመኝም» አለች። ሦስተኛዋ እንኳ፣ ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ድምፅ ያልነበራት፣ «ድምፄ የጠፋው እኮ በዚያው ለቅሶ ነው» ብላ ማለች። ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ሳቁ። የዘፋኙ ጠበቃ ተነሥቶ «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ እኛም ያልነው ይህንኑ ነው። የሕዝብ ነው» አለና ተቀመጠ። ሌላ ቃል አላስፈለገውም።

ተንኮል አልነበረም። እኛ ዘንድ በሰው ልቅሶ ላይ «ያለቀሰችው እሷ ብቻ ናት» ማለት ሌላውን ሁሉ ደረቅ ነው፣ ሟቹን አይወድም ማለት ነው። በእድር የኖረች ሴት ሌላው ቢቀር በዚህ አትታማም። ዳኛ ፊት ቆማ፣ ምላ፣ «እኔ ስሰማ ነበር» እንድትል መጠየቅ በሬሳው ፊት ዝም ብያለሁ ብለሽ እመኚ ማለት ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ። አስቀድሜ አላሰብሁትም እንጂ።

ከችሎት ስንወጣ ሦስቱም ከበቡኝ። ጎረቤቴ ትከሻዬን መታ አድርጋ «እንዴት ነው፣ አላኮራንሽም? አብረንሽ ቆምን!» አለች። ፊቷ ያበራ ነበር።

«አጠፋችሁኝ» አልኋት።

«ምን?»

«ጨርሳችሁ አጠፋችሁኝ። ከዛሬ ጀምሮ የባለጀልባውን ሙሾ ማንም ይዘልልበታል፤ እናንተ ናችሁ የሰጣችሁት።»

ጥያቸው ሄድሁ። ከኋላዬ ጎረቤቴ «ኧረ ምን አደረግናት?» ስትል እሰማለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከቀብሩም ሰሞን ይልቅ ከበደኝ። በቀብሩ ሰሞን ቤቴ ሰው ሞልቶት ነበር። አሁን እድርም አልሄድ፣ ሰውም አይመጣብኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከዓምዱ ጀርባ ቆሜ ሲያበቃ ቀድሜ እወጣለሁ። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ስታስነጥስ እሰማታለሁ፤ «ይማርሽ» የምለውን እውጠዋለሁ። ለአንድ ሰው ሽሮ መሥራት የማይለመድ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ይበዛል፣ ሁልጊዜ ይተርፋል። ቅዳሜና እሑድ ከየሠርጉ ድንኳን ዘፈኑ ሲመጣ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ሙቀቱ ሲያቃጥለኝ ደግሞ መልሼ እከፍተዋለሁ። ልጄ ትደውላለች፤ «ደኅና ነኝ» እላታለሁ። ለማን ይነገራል? በባሌ ሙሾ ሲያስጨፍሩ የሚነግሩት ሰው ቢኖር እሱ ራሱ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት። ሳልጋብዛት ገብታ ቆመች።

«ምን እንዳጠፋሁ ንገሪኝና ልወቅ» አለች።

«ሙሾዬን ለዘፋኙ ሰጠሽው።»

«ሙሾሽን? ኧረ ተይ እቴ! ግማሹን ማን ጨረሰልሽ?»

«ምኑን?»

«ጫማው ብለሽ ጀምረሽ ድምፅሽ ተዘጋ። ታዲያ ‹እሱ የት ደረሰ በባዶ እግሩ አልፎ› ያለው ማን ነው? ግድግዳው?»

«ውሸት ነው።»

«ማርያምን!»

«ማርያምን አትጥሪ! ውጪልኝ።»

«እወጣለሁ። እኔስ የእኔ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርሁም። አንቺ ነሽ አሁን ያናገርሽኝ።»

ወጣች። ውሸት መሆኑን እርግጠኛ ብሆን ኖሮ ያን ያህል አልጮኽባትም ነበር። እኛ ዘንድ አንዲቱ ድምፅዋ ሲዘጋ አጠገቧ ያለችው ተቀብላ ትጨርስላታለች፤ በሬሳ ፊት ግጥም በግማሽ አይጣልም። ድምፄ መዘጋቱን ግን አላስታውስም። ሙሉውን እንዳልሁት ነው የማስታውሰው።

በማግስቱ ጠበቃዬ ዘንድ ሄድሁ። «ያን የልቅሶውን ቅጂ አሰሚኝ» አልኋት።

«አልሰማም ብለው አልነበር?»

«አሁን እሰማለሁ።»

የጆሮ ማዳመጫ ሰጠችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች። መጀመሪያ የሰማሁት የአውራ ዶሮ ጩኸት ነው። የእኛው ዶሮ ነው። ከዚያ ወንዶች ቃሬዛውን ሲያነሡ ድምፃቸው። ከዚያ አንዲት ሴት፤ አላወቅኋትም፤ ድምፅዋ የተሰነጠቀ ነው። አገሩን በሙሉ ስትል እኔ መሆኔን አወቅሁ። ቀጥሎ ጫማው አልሁ። «ውኃውን አንጠፍጥፎ» አልሁና ቆምሁ። የደረት ምት ብቻ ይሰማል። ይቆያል። ሲቆይ እዚያ ቢሮ ወንበር ላይ ሆኜ ቀሪውን ልለው አፌን ከፈትሁ። የቀደመችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ያ የጎረነነ ድምፅዋ፦ እሱ የት ደረሰ በባዶ እግሩ አልፎ። ከዚያ ሁሉም ተቀበሉት።

ማዳመጫውን አወለቅሁ። «ተሳስቻለሁ» አልኋት ጠበቃዋን። «ብቻዬን አይደለም።»

ሁሉን ነገርኋት። ፋይሌን ከፈተች። «ይህን ካመኑ የጋራ ሥራ ይባላል፤ ጎረቤትዎም ባለቤት ናቸው። ክሱን አሻሽለን እሳቸውም ከሳሽ ይሁኑ። ሁለት የታወቁ ሰዎች ደግሞ ሕዝብ አይባሉም።»

«ዝም ብልስ?»

«ሌላኛው ወገን ቅጂውን ልብ ብሎ የሰማው አልመሰለኝም። ግን ይህን እኔ አልመክርዎትም።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ያን ቀን ከቢሮው እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ሙሉውን መንገድ ዝም ማለት እችል ነበር። ሳስበው ግን አቃተኝ። ዘፋኙ የሰው ቃል ወሰደ ብዬ ልከስ ወጥቼ የጎረቤቴን ቃል ኪሴ ከትቼ ዳኛ ፊት ልቁም? ያው ነን ማለት ነው፤ እሱ ቢያንስ ያምራል ብሎ ነው የወሰደው። እንዲያም ሆኖ ልቤ አልወደደውም። ያችን አንድ ስንኝ ስሰጥ ከባሌ ላይ አንድ ነገር ቆርሼ የሰጠሁ መሰለኝ። በተለይ ያችን። በባዶ እግሩ ማለፉን ያየሁት እኔ ነበርሁ።

ጎረቤቴ ደጃፍ ሄጄ ቆምሁ። እህል ታበጥር ነበር።

«ሰማሁት» አልኋት።

«ምኑን?»

«ግማሹ ያንቺ ነው። ከእኔ ጋር ከሳሽ ሁኚ።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። «ማርያምን ስልሽ!» አለች፤ ከዚያ ደንገጥ ብላ «እኔ? ከሳሽ? ልጆቼ ምን ይሉኛል?»

«ምስክር ስትሆኚ አልፈራሽም።»

«ምስክርማ መናገር ነው እንጂ ምን አለበት።»

በሚቀጥለው ችሎት ሁለታችን ጎን ለጎን ቆምን። ዳኛው ጎረቤቴን «ባለፈው ሁላችንም ነን ብለው ነበር» አሏት።

«ማልቀሱን ሁላችንም ነን ጌታዬ፣ እሱን አሁንም አልለቅም። ቃሉን ግን እኔና እሷ ነን። ባለፈው እንዲህ አድርጎ ለይቶ የጠየቀኝ የለም።»

ጠበቃዬ ጣራ ጣራ አየች። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎስ? ብቻዬን ነኝ ብለው ነበር የከሰሱት። እንዴት አላወቁትም?»

«ጌታዬ፣ የባሌ ሬሳ ፊቴ ነበር። ማን ምን እንዳለ አልሰማሁም። አሁን ሰምቻለሁ፤ የመጨረሻይቱ ስንኝ የእሷ ናት።»

ይህን ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስሁ።

ቅጂው በችሎት ተሰማ። እኔ ወለሉን ሳይ ነበር። ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተነገረ፦ ግጥሙ የሁለታችን እንጂ የሕዝብ አይደለም፤ ዘፋኙ እንዳይዘፍነው፣ ከለቀቀበትም ቦታ እንዲያነሣው፣ ካሳም እንዲከፍል። ዘፋኙ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝና ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። አጥር የሚዘለውን ልጅ ብቻ አጥፋልኝ።»

አጠፋው። ነገር ግን ፍርዱ ለእሱ እንጂ ለከተማው አይደለም። ስልክ ላይ ያስቀረው ሁሉ አሁንም ይከፍተዋል፤ ሠርግ ላይ ሌሎች አቀንቃኞች ይሉታል። ጠበቃዬን ብጠይቃት አንድ በአንድ መክሰስ ይቻላል፣ ዕድሜ ግን አይበቃም አለችኝ። ካሳውን ጎረቤቴ ለእድሩ አዲስ ድንኳን እንግዛበት አለች፤ አሮጌው ያፈስሳል። በባሌ ሙሾ ድንኳን አላስተክልም አልኋት። «ግማሹ የእኔ አይደል? በግማሹ ግማሽ ድንኳን እገዛለሁ!» አለችኝ። እስካሁን እንከራከራለን። እድር ግን መሄድ ጀምሬያለሁ። ሴቶቹ ቦታ ይለቁልኛል፣ ቡናዬን ያቀብሉኛል፣ ስለ ችሎቱ ይስቃሉ። ከመካከላቸው ተቀምጬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ያው ነው። ለባሌ ብቻዬን ያልሁት የምለው አንድ ነገር ነበረኝ፤ አሁን የለኝም።

ጠበቃዋን ላመሰግናት ትንሽ የደረቀ ዓሣ ይዤ የሄድሁ ቀን በሩ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ጠየቅኋት። «ሰው ሳይሰማ፣ ብቻዬን ሆኜ ሌላ ሙሾ ባወጣስ? የማን ይሆናል?»

«ካልተቀዳና ካልተጻፈ ሕግ አያውቀውም እማማ። ቢሰረቅ እንኳ ልንከላከልልዎ አንችልም። ካወጡ ይጻፉት።»

«እሺ» አልኋት።

ከዚያ ወዲህ አንድ አውጥቻለሁ። አራት ስንኝ ነው፤ ማለዳ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ፣ ጀልባዎቹ ሲወጡ እያየሁ ነው ያወጣሁት። ጫማ የለበትም፣ ወደብም የለበትም። ባሌ ዋና እንደማይችል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ ብያለሁ፤ ይህንንም እንደዚያው ነው የምይዘው። እዚህ አልጽፈውም።

ለራሴ ስለው ጎረቤቴ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች።

«ምን እያልሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኋት።